የዳኛው ገንዳ

ዋርሳዬ ክፉ ሰው ነው። ይህን ስናገር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ኧረ ተይ፣ የባልሽ ታላቅ አይደል ወይ» ይለኛል። የባሌ ታላቅ መሆኑን መቼ አጣሁት? ፊት ለፊቱ ስቆም «ጋሼ፣ እርስዎ» እያልኩ ነው የማናግረው፤ አንገቴንም ሰበር አደርጋለሁ። እዚህ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። የሠራውን ስትሰሙ እናንተም ታነሱበታላችሁ።

ሥራችን ለዓሣ አጥማጆች ማባበያ ማሰር ነው። ማባበያ ማለት በላባ፣ በጸጉርና በክር መንጠቆ ላይ የሚታሰር የውሸት ፍጡር ነው፤ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳል፣ አለቀለት። አንበጣ የሚመስል አለ፣ የእሳት ራት የሚመስል አለ። የእኛን ቤት ስም ያስጠራው ግን የወንዝ ሸርጣን ነው። ደንበኞቻችን ክሬይፊሽ ይሉታል፤ ድንጋይ ሥር የሚኖር፣ ሁለት መቆንጠጫ ያለው፣ ሲያዩት የጊንጥ ዘመድ የሚመስል ነገር ነው። ትልልቅ ዓሣ ለእሱ የማይሆነው የለም።

ሸርጣን ማሰር እንደ ሌላው አይደለም። ሸርጣን ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ኋላ ነው፤ ጭራው ይቀድማል፣ መቆንጠጫው ይከተላል። ስለዚህ የምናስረው ገልብጠን ነው። ጭራው የማጥመጃው ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ይሆናል፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎች ደግሞ መንጠቆው በሚታጠፍበት በኩል። መቆንጠጫዎቹ ከነጸጉሩ ከተቆረጠ የጥንቸል ቆዳ ነው የሚሠሩት፤ የመንጠቆውን ሹል ጫፍ ግራና ቀኝ ከበው ይቀመጣሉ። ሌላ ማባበያ ሲታሰር ጫፉ ዓይን ሥር ነው። ሸርጣን ሲታሰር ግን ጫፉ ከወዲያ ዞሮ በጸጉር ይሸፈናል፣ የት እንዳለ የሚያውቀው አውራ ጣት ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ባሌን ሠራተኛው ሁሉ እጀ ወርቅ ነው የሚለው። ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም የምናገረው፤ እሱ ያሰረውን ሸርጣን መዳፌ ላይ አስቀምጬ የሸሸሁበት ቀን አለ። አማቼ ሲሞቱ ቤቱንና ቁልፉን ለታላቁ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ለታናሹ አወረሱ። «እጁ እስከሠራ ድረስ ከዚያ ወንበር ማንም እንዳያስነሳው» ብለው በሁላችን ፊት ተናዘዙ። የመስኮቷ ወንበር የዋናው አሳሪ ናት። እዚያ የተቀመጠ ሰው የወቅቱን ናሙና ያወጣል፤ እኛ እሱን እያየን እናስራለን። የምንኖርባት የጓሮ ክፍልም የወንበሯ ናት። ወንበሯ ከሄደች ክፍሏም ትሄዳለች፣ እኛም ሜዳ ላይ ነን።

ጋሼ በዚህ ኑዛዜ አንጀቱ እንዳረረ ኖረ። ማሰር አይችልም። መሞከሩንስ ሞክሯል፤ የእሱን ሸርጣን ብታዩት መኪና የሄደበት አይጥ ነው። ታናሹ ሲመሰገን እየሳቀ አብሮ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። አንድም ቀን ዳኛው የእሱን ጎርሶለት አያውቅም።

ዳኛው ዓሣ ነው። በግቢው መሀል የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ዳኛው እዚያ ውስጥ ከአማቼ ዘመን ጀምሮ ይኖራል። ወፍራም፣ ጀርባው የጠቆረ፣ ኩሩ ነው። አዲስ ወቅት ሲመጣ ይራባል። ዋናው አሳሪ በሁሉ ፊት ሸርጣን ያስርና በገንዳው ውስጥ ይጎትታል። ዳኛው ከጎረሰ ናሙናው ጸደቀ፣ አሳሪውም ለከርሞ በወንበሩ ጸና። ዳኛው እንዳይጎዳ የፈተናው መንጠቆ ጫፉ በጉጠት ይቆረጣል፤ ይጎርሳል፣ ያላምጣል፣ ውሸት መሆኑን ሲያውቅ ይተፋና ወደ ጥላው ይመለሳል። ጫፉን የሚቆርጠው የቤቱ አባወራ ነው። ቆርጦም በገዛ እጁ መንጠቆ ቆንጥጣ የምትይዘው ትንሿ ሞርሳ ላይ ያጠብቅና ለአሳሪው ይለቅለታል። ያንን መንጠቆ አገላብጦ ማየት ነውር ነው፤ አባወራውን አላመንኩህም ማለት ነው። ማንም አይቶት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት የባሌ ጣቶች ደነዘዙ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸው፣ ከዚያ እስከ መዳፉ። ሐኪሙ የስኳር በሽታው ያመጣው የነርቭ ችግር ነው አለ፤ የሄደው አይመለስም፣ ያለውን ጠብቅ ብሎ ክኒን ሰጠው። እኔ ያወቅሁት ሙጫ ስናሞቅ ነው። ጣሳውን ከእሳቱ ላይ በባዶ እጁ አንስቶ እያወራኝ ቆመ። ቆዳው መሽተት ሲጀምር እጁን መትቼ አስጣልኩት። እሱ በጣሳው መውደቅ ተቆጣኝ።

እንደብቀው ተባባልን። ሌላ ምን እንበል? የክርን ጥብቀት የሚያውቀው ጣት ነው፤ ትንሽ ከላላ ሸርጣኑ ውሃ ውስጥ ይፈታል፣ ትንሽ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። ጣቱ ሲከዳው ባሌ በዓይኑ ተካው። ክር ሲወጠር መልኩ ትንሽ ይፈካል፤ ያቺን ፍካት አይቶ ማቆም ለመደ። እኔ ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው። መንጠቆ ወይም መርፌ ሲወጋው ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ እሱ እጁን አይቶ ደሙን ይጠርጋል። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ፤ ሥራው ቅንጣት አልጎደለበትም። የደነዘዘ እጁ የጤነኞቹን እጅ ያስንቅ ነበር።

ያጋለጠን ሻይ ነው። አንድ ጠዋት ጋሼ፣ ሻይ ቀድቶ ሰጥቶ የማያውቀው ሰው፣ ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ ገባ። ሁላችንም አፋፉን በጣታችን ጫፍ ይዘን፣ እፍ እፍ ብለን፣ ቶሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ባሌ ግን ጨብጦ ተቀበለ። እንደጨበጠ አመሰገነ፣ ስለ ላባው ጠየቀ፣ ስለ ደንበኛው ጠየቀ። እኔ ጉሮሮዬን ብጠርግ ምን ሊገባው፤ እጁን አየ፣ ደም የለም፣ እንደገና ጨበጠው። ጋሼ ብርጭቆውን አየና «ትኩስ ትወዳለህ ማለት ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወንድሙ ማር ሆነ። ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፣ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታውቃለህ ይለዋል። ክፉ ሰው ሲቆጣ ይሻላል።

የፈተናው ቀን ሁላችንም ሥራ አቁመን ከበብን። አሳሪ ሴቶች፣ ቀለም ነካሪው፣ የጋሼ ሚስት ሳትቀር። ጋሼ የአባቱን ጉጠት አወጣ። ጀርባውን ወደ እኛ አዙሮ ሲቆርጥ ቀጭ ሲል ሰማን። ከዚያ መንጠቆውን ሞርሳው ላይ አጠበቀ፣ ወንድሙን ሳመው፣ «በርታ» አለው። እንዴት ያለ ወንድም፣ አሉ ሴቶቹ።

ባሌ ጀመረ። የእርሳስ ሽቦውን ጠመጠመ፤ ሸርጣኑ እንዲሰምጥ ነው። ከአውራ ዶሮ ላባ ሁለት ሪዝ የመሰሉ ነገሮች አወጣ። ቀጥሎ መቆንጠጫዎቹ መጡ። የመጀመሪያዋን የጥንቸል ቆዳ ከመንጠቆው መታጠፊያ ላይ አስቀምጦ፣ በአውራ ጣቱ ከሥር ደግፎ ክሩን አዞረ። እኔ ከወዲያ በኩል ስለሆንኩ ከሞርሳው ከንፈር በታች ያለው ይታየኛል። ከአውራ ጣቱ ሥር አንዲት ቀይ ጠብታ አበጠች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እጁን አየ። ደሙን በጨርቅ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ ያለችው የመዳብ ሽቦ የወጋችው መስሎት ወደ ወዲያ ገፋት። ምክንያቱም መንጠቆው ጫፍ የለውም፤ ወንድሙ ነው የቆረጠለት። ከዚያ ጠቀሰኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው።

ያኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጫፉ አለ። ሙሉ፣ ሹል፣ የሚያብረቀርቅ ጫፍ። ጋሼን ቀና ብዬ ሳየው እሱ ሥራውን አይደለም የሚያየው። የሚያየው የወንድሙን አውራ ጣት ነው። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ፈተናው ዓሣው አይደለም። ጤነኛ እጅ ያለው ሰው በመጀመሪያው ዙር ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ጫፉን ረስተኸዋል» ይላል፣ ተስቆ ይታለፋል። ከሁሉ ማባበያ ለእንዲህ ያለ ወጥመድ የሚመቸው ሸርጣን ነው፣ ባሌ ደግሞ በዚያው በሸርጣን ነው የሚፈተነው።

ምን ላድርግ? ተናገሪ ትሉኝ ይሆናል። ብናገር ቀለም ነካሪው ሳይቀር «ታዲያ ጣቱ እንዴት አልነገረውም» ይላል፤ በአፌ ወንበሩን ገለበጥኩበት ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ምናልባት ዳኛው ይጎርስና ይተፋዋል። ባለ ጫፍ መንጠቆም እኮ ስንቱ ዓሣ ተፍቶ ሄዷል። በዚያች ምናልባት ላይ ተንጠለጠልኩ። እንደገና ግን ሳልኩ፣ አሁን ጠንከር አድርጌ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር እንዲያይ።

ጋሼ ውሃ በብርጭቆ ይዞ መጣ።

«ጉሮሮሽን ምን ነካሽ? ጠጪ» አለኝ። አጠገቤ ቆመ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ አላነሳውም። ውሃውን ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ መሳል አልቻልኩም።

ባሌ ሁለተኛዋን መቆንጠጫ አሰረ። በእያንዳንዱ ዙር ጣቱ ጫፉ ላይ ያርፋል፣ ጫፉ ይገባል፣ ይወጣል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። የደስታ ፊት ነው ያለው፤ ሥራው ሲያምርለት ከንፈሩን እንደ ሕፃን ወጣ ያደርጋል፣ ያንን እያደረገ ነው። የሱፉን ሆድ ጠቀጠቀ፣ ከጀርባው ቅርፊቱን ጎትቶ በመዳብ ሽቦ ቀለበት ቀለበት አድርጎ ከፋፈለው፣ በጭራው በኩል ቋጠረና ቫርኒሽ ነካው። ቡናማ ጸጉር ላይ ደም አይታይም። እንደዚያም ሆኖ ሸርጣኑ ዓይኔን ማረከው። እንደዚያ ያለ ሸርጣን አስሮ አያውቅም። ሴቶቹ በአድናቆት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ጋሼ ራሱ ሸርጣኑን ከሞርሳው አላቅቆ፣ ራሱ ከገመዱ ጋር አገናኝቶ ሰጠው። ጫፉ እንዳይታይ ነው። ወደ ገንዳው ወጣን።

ባሌ ሸርጣኑን ወረወረ፣ እስኪሰምጥ ጠበቀ፣ ከዚያ ገመዱን ጎተት፣ ቆም፣ ጎተት አደረገ። ሸርጣኑ ጭራውን አስቀድሞ፣ መቆንጠጫዎቹን አርገብግቦ፣ ነፍስ እንዳለው ወደ ኋላ ሸሸ። ዳኛው ከጥላው ወጣ። ቀረበ፣ ቆመ፣ አየው። አትጉረስ አልኩ በሆዴ፤ ከዚያ ጉረስና ትፋው አልኩ። ጎረሰ።

«ወሰደው» አለ ባሌ፣ እየሳቀ ወደኔ ዞሮ። ሁሉም አጨበጨበ።

«ሳብ እንጂ» አለው ጋሼ ቀስ ብሎ። ባሌም ደስታው አስክሮት ሳበ። ዳኛው አልተፋም። ገመዱ ተወጠረ፣ ዓሣው ከውሃው ተስፈንጥሮ በጎኑ ወደቀ፣ ገንዳውን እየዞረ ተራገጠ። ውሃው ቀላ። ማጨብጨቡ አንድ በአንድ ቆመ። የባሌ ሳቅ ግን ቶሎ አልቆመም፤ ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር፣ የሚያደርገው ጠፍቶት። ጫፉ በዓሣው ጉሮሮ ገብቶ ኖሯል። ዳኛው ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፈፈ። አሳሪ ሴቶቹ አለቀሱለት፤ ለዓሣው። አባቱ ያሳደጉትን ዓሣ ለዚህ ብሎ የገደለ ሰው ነው እንግዲህ ዋርሳዬ።

ጋሼ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እንደ ሐኪም ቀረበና «እጅህን አሳየኝ» አለው።

ባሌ ዘረጋለት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ወንፊት ሆነዋል። ደሙ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ገና ይንጠባጠባል። ራሱም የሰው እጅ እንደሚያይ አየው።

«አመመህ?» አለው ጋሼ።

ባሌ ደሙን በሱሪው ጠረገ።

«አባባ ምን ነበር ያለው? እጁ እስከሠራ ድረስ።»

ያኔ ደሜ ፈላ። አንገቴን አልሰበርኩም፣ ጋሼም አላልኩም። ጫፉን ያልቆረጥከው አንተ ነህ፣ ቀጭ ያደረግኸው ሌላ መንጠቆ ነው፣ የአባትህን ዓሣ የገደልከው አንተ ነህ፣ በወንድምህ የቀናህ ምቀኛ፣ አልኩት። አፌ የወለደውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ረስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሰው አይደለሁ፣ አለ፤ እኔ ብረሳስ እሱ አውራ ጣት የለውም ወይ፣ ብሎ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ማንም ዓይኑን አላነሳም። ከዚያ እንደገና ወደኔ ዞረ።

«አንቺ ግን ጫፉ መኖሩን በምን አወቅሽ? ገና ከመጀመሪያው መቆንጠጫ ጀምሮ ጉሮሮሽን ስትጠርጊ ነበር እኮ።»

ባሌ ቀና አለ። ወንድሙን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።

«አይተሽ ነበር?» አለኝ።

ላንተ ብዬ ነው ልለው ፈለግሁ። በሞቴ፣ ስማኝ፣ ልለው ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ ላስረዳው? አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ፊቱ ሲዘጋ አየሁት። ለወንድሙ ያልተዘጋው ፊት።

ጋሼ ጊዜ አላጠፋም። ወንበሩ ከቤተሰብ እንዲወጣ አልፈልግም፣ አለ፤ ከነገ ጀምሮ አንቺ ትቀመጪበታለሽ፣ ክፍሉም እንዳለ ይቆይላችኋል። ከባሌ ቀጥላ እኔን የምታህል አሳሪ በቤቱ እንደሌለች ያውቃል። ቸር ሰው ይመስል ነበር፤ ሴቶቹ እፎይ አሉ። እኔ መንገድ ብጠርግ እመርጣለሁ አልኩት፣ ባሌ በተነሳበት ወንበር አልቀመጥም አልኩት። እቃችንን ላወጣ ወደ ክፍላችን መሄድ ስጀምር ባሌ ከኋላዬ ተናገረ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

ዞሬ አየሁት። ጣሪያ እንዳናጣ አስቦ ይሁን፣ ሊቀጣኝ ይሁን፣ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም። እስከ ዛሬም ጠይቄው አላውቅም። በማግስቱ ተቀመጥኩ።

ለእሱም ሥራ ተገኘለት። ላባ የሚነከረው በፈላ ቀለም ነው፤ በጉጠት ሲለቀም ይሰበራል፣ በእጅ ለመልቀም ደግሞ እስኪበርድ መጠበቅ አለ፣ ሲበርድ ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ባሌ እስኪበርድ አይጠብቅም። እጁን እስከ አንጓው ይከትና አንድ በአንድ ይለቅማል። ጋሼ እንግዳ ሲመጣ ወደ ቀለም ቤቱ ይወስደውና ያሳየዋል፤ በዚህ ሥራ ወንድሜን የሚያህል በአገር የለም ይላል። ከልቡ ነው የሚያመሰግነው። ቆዳው ተልጦ ሥጋው ወጥቷል፣ በስኳሩ የተነሳ ቁስሉ አይድንም። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መቁረጥ ነው ብሏል። ጋሼ ደግሞ እስከዚያው ይሥራ ብሏል።

ከሥራ ስንገባ ቅባት እቀባዋለሁ። ሁለቱን እጆቹን ጭኔ ላይ ያሳርፍና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ማየት አይፈልግም፣ እጁን ይሁን እኔን አላውቅም። በእያንዳንዱ ጣት መሀል፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልጫን እቀባለሁ። ጨርሼ የቅባቱን ክዳን ስገጥም «ጀመርሽ?» ይለኛል።